የሰው ዘፈን ለመጠቀም የትኛው የፈቃድ መንገድ ይሻላል? ለፊልም፣ ለማስታወቂያ፣ ለዩቲዩብና ለምግብ ቤት

አንድ የድሮ ካሴት ያንሡና ሽፋኑን አውጥተው ውስጡን ያንብቡ። ከዘፈኖቹ ዝርዝር ሥር በደቃቅ ፊደል «ግጥም»፣ «ዜማ»፣ «ቅንብር» እያለ ስሞች ይደረድራል። ጀርባው ላይ ያሳተመው ሙዚቃ ቤት ስም አለ። ፊት ለፊት ደግሞ የድምፃዊው ፎቶ። ፈቃድ ፈላጊ ብዙውን ጊዜ የሚሳሳተው ፎቶውን ብቻ አይቶ ስለሚሄድ ነው። ድምፃዊው ከልቡ «ተጠቀሙበት፣ ምን ችግር አለው» ቢል እንኳ ቃሉ የሚያስረው ራሱን ነው። የዜማው ደራሲ ነገ ቢከስ ያ ቃል አያድንም።

በሕግ ዓይን አንድ ዘፈን ሁለት ንብረት ነው። አንዱ ድርሰቱ፣ ማለትም ግጥሙና ዜማው ነው። ሌላው ቀረጻው ነው፤ በስቱዲዮ ሰዎች ቋንቋ «ማስተሩ» የሚባለው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለድርሰቱ ባለቤቶች የቅጂ መብትን፣ ለዘፋኙና ለፕሮዲዩሰሩ (ቀረጻውን ላሠራው) ተዛማጅ መብትን ይሰጣል። ሥራው ወጥ ሆኖ ተጽፎ ወይም ተቀርጾ ከተገኘ ጥበቃው ምዝገባ አይጠብቅም። ስለዚህ «አእምሯዊ ንብረት ሄጄ ጠይቄ ነበር፣ አልተመዘገበም» የሚለው መልስ ዘፈኑን ባለቤት አልባ አያደርገውም።

ከዚህ በታች ያሉትን መንገዶች ለማመዛዘን መነሻው አንድ ጥያቄ ነው፦ የሚፈልጉት ያንን ድምፅ ራሱን ነው፣ ያንን ዜማ ነው ወይስ ያንን ስሜት? ድምፁን ራሱን የሚፈልግ ሁለቱንም ንብረት ማስፈቀድ አለበት። ዜማው የሚበቃው አንዱን ብቻ ያስፈቅዳል። ስሜቱ የሚበቃው ደግሞ ከማንም ደጅ ሳይቆም ሊጨርስ ይችላል።

ዋናውን ቅጂ እንዳለ መጠቀም

ተመልካቹ የሚያውቀው ያ ድምፅ፣ ያ የሳክስፎን መግቢያ ካልገባ ትርጉሙን የሚያጣ የፊልም ትዕይንት አለ። እንዲህ ሲሆን ድርሰቱን ከምስል ጋር ለማጣመር የገጣሚውንና የዜማ ደራሲውን፣ ቀረጻውን ለመጠቀም የማስተሩን ባለቤት ፈቃድ ማምጣት ግድ ነው። ከሁሉም መንገዶች ውዱና ቀርፋፋው ይህ ነው። ቢያንስ ሦስት ወር ይያዙለት። ፊልሙ ተቆርጦ ካለቀ በኋላ የተጀመረ ድርድር ደግሞ ሁልጊዜ ለጠያቂው ይከፋል፤ ባለመብቱ ሌላ አማራጭ እንደሌለዎት ያውቃል።

ማስተሩ የማን እንደሆነ በግምት አይወሰንም። ሙዚቃ ቤቱ በአንድ ጊዜ ክፍያ ገዝቶት ሊሆን ይችላል። ድምፃዊው በራሱ ወጪ አሠርቶት ሙዚቃ ቤቱ አከፋፋይ ብቻ የነበረበትም ብዙ ነው። ሙዚቃ ቤቱ ከተዘጋ ዘመናት አልፈው መብቱ ወደ ልጆቹ የሄደበትም አለ። «የእኔ ነው» ለሚል ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው፦ ውሉን ያሳዩኝ። አዋጁ ኢኮኖሚያዊ መብት፣ ማለትም ከሥራው ገቢ የማግኘት መብት፣ በጽሑፍ እንዲተላለፍ ስለሚጠይቅ፣ ወረቀት የሌለው ባለቤትነት ላይ ገንዘብ መክፈል አደጋ ነው። ውሉ ሲገኝም ቃላቱን ይመርምሩ። በካሴት ዘመን የተፈረመ ውል «ካሴት አሳትሞ ለመሸጥ» ብቻ የሚል ከሆነ፣ ሙዚቃ ቤቱ ለፊልም የመፍቀድ ሥልጣን አለው ብሎ መተማመን አይቻልም። እንዲህ ያለ ውል ሲገጥም ሙዚቃ ቤቱንም ድምፃዊውንም አንድ ሰነድ ላይ ማስፈረም ነው።

ከደራሲዎቹ አንዱ ካረፈ ጉዳዩ ወደ ወራሾች ይሄዳል። የድርሰት መብት ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። ፍርድ ቤት የሰጠውን የወራሽነት ማረጋገጫ ይጠይቁና ስማቸው የተዘረዘረው ሁሉ ይፈርሙ፤ ወይም ሁሉም የወከሉት አንድ ሰው በውልና ማስረጃ የተረጋገጠ ውክልና ይዞ ይፈርም። ከወራሾቹ አንዷ ዋሽንግተን ወይም ጅዳ የምትኖር ከሆነ ውክልናው በኤምባሲ ወይም በቆንስላ በኩል ተሠርቶ፣ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ እስኪያልቅ ሳምንታት ይፈጃል። ታላቅ ወንድም «እኔ ለሁሉም እፈርማለሁ» ቢል በጨዋነት አመስግነው ውክልናውን ይጠብቁ። ያለ ውክልና የፈረመ ወንድም በኋላ ከእህቶቹ ጋር ሲጣላ የሚታገደው የእርስዎ ፊልም ነው።

አቀናባሪውንም አይርሱት። በተለምዶ በአንድ ጊዜ ክፍያ ስለሚሸኝ «እርሱ መብት የለውም» ይባላል። የአንድ ዘፈን መግቢያ፣ የነፋስ መሣሪያዎቹ ምልልስ የእርሱ ፈጠራ ሲሆን ግን ጥያቄ ማንሳቱ ያለ ነው። አንድ ገጽ ፊርማ ከእርሱም መውሰድ ርካሽ መድን ነው።

ዋጋውን የሚወስነው ከዘፈኑ ዝና ጋር እኩል የጥያቄው አጻጻፍ ነው። «ፊልም ላይ ልጠቀምበት» የሚል ጥያቄ የደረሰው ባለመብት ከፍተኛውን አስቦ ዋጋ ይጠራል። ይህን ያወዳድሩት፦ «ከ1 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ እስከ 1 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ ያለውን 45 ሰከንድ፣ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ አውቶቡስ ውስጥ ስትጓዝ ከንግግር ሥር፣ በሲኒማና በዩቲዩብ፣ በዓለም ዙሪያ፣ ለ10 ዓመት፣ ለሌላ ሰው ከመፍቀድ በማይከለክል ሁኔታ»። ሁለተኛው ባለመብቱ ምን እንደሚሰጥ በትክክል ይነግረዋል፤ ዋጋውም ይወርዳል። በጀት ከሌለ ደግሞ በደረጃ መግዛት ይቻላል። መጀመሪያ ለፌስቲቫል ማሳያ ብቻ ለአንድ ዓመት ይፈቀድልዎ፤ ፊልሙ ለቴሌቪዥን ወይም ለኢንተርኔት ከተሸጠ ስንት እንደሚጨመር ዛሬውኑ ውሉ ላይ ይጻፍ። ፊልሙ ከታወቀ በኋላ ይህን ቁጥር መደራደር ከባድ ነው።

ከሁለቱ ንብረቶች መጀመሪያ ድርሰቱን ያስፈርሙ። ማስተሩ ቢከለከል ወይም ዋጋው ቢንር፣ ድርሰቱ በእጅዎ ካለ ዘፈኑን በሌላ ድምፅ አስቀርጸው መቀጠል ይችላሉ። በተቃራኒው ማስተሩን ከፍለው ይዘው ድርሰቱ ቢከለከል ግን ገንዘቡ ሜዳ ላይ ቀረ ማለት ነው። ከአንዱ ባለመብት ጋር ሲስማሙ ሌላው «ለእርሱ የከፈላችሁትን ያህል ለእኔም» የሚል አንቀጽ ሊያስገባ እንደሚችልም አስበው በጀቱን ይያዙ።

ለማስታወቂያ ሲሆን ሁሉም ነገር ይከብዳል። ዘፈኑ ከዕቃ ጋር ይቆራኛል፤ አንዳንድ ደራሲ ለቢራ በምንም ዋጋ አይሰጥም፣ ይህም መብቱ ነው። ግጥሙን ለሳሙና ወይም ለባንክ ስም ቀይሮ ማዘፈን ደግሞ ከኢኮኖሚያዊ መብት ባሻገር የደራሲውን የሞራል መብት ይነካል። ሥራዬ ተዛብቷል ብሎ የመቃወም መብት አለው። የተቀየረውን ግጥም ሙሉ ቃል ከውሉ ጋር አባሪ አድርገው ገጣሚው በእያንዳንዱ ገጽ ይፈርምበት።

ዘፈኑን በሌላ ድምፅ ማስቀረጽ

በእኛ አስተያየት ለአነስተኛ በጀት ፊልም ከሁሉ የሚመዝነው ይህ መንገድ ነው። ማስተሩ አይነካም፤ የሚያስፈልገው የገጣሚውና የዜማ ደራሲው ፊርማ ብቻ ነው። አዲሱ ቀረጻ የእርስዎ ንብረት ስለሚሆን ለፊልሙ ማስተዋወቂያ (ትሬለር)፣ ለቴሌግራሙ፣ ለሁሉም እንደገና ማስተር መለመን አይኖርም። አንዲት ሴት በክራር ብቻ የምታንጎራጉረው የታወቀ ዜማ አንዳንዴ ከዋናው ይልቅ ለትዕይንቱ ይስማማል።

የሚበላሸው ስቱዲዮ ውስጥ ነው። ጊዜ ለመቆጠብ ከዩቲዩብ የወረደ «ካራኦኬ» ወይም ድምፁ በሶፍትዌር የተነቀለለት ዋናው ሙዚቃ ላይ አዲስ ድምፅ ይጫናል። ይህ ኮቨር (የሌላውን ዘፈን እንደ አዲስ መቅረጽ) አይባልም፤ የሌላ ሰው ቀረጻ መጠቀም ነው፣ ማስተሩን ማስፈቀድ ይጠይቃል። ከበሮውም ቤዙም አዲስ ይቀረጽ። ከድሮ ዘፈን ሁለት ሰከንድ ቆርጦ በምት መደጋገምም እንዲሁ ነው፦ ሳምፕል የሁለቱንም ንብረት ፈቃድ ይፈልጋል። «ከ30 ሰከንድ በታች ችግር የለውም» የሚባለው ከየት እንደመጣ ባይታወቅም በሕግ ውስጥ የለም። ከቪዲዮው ሥር «መብቱ የባለቤቱ ነው» ብሎ መጻፍም ፈቃድን አይተካም።

አሜሪካ ያሉ ዘፋኞች ስለ ኮቨር የሚሰሙት ሌላ ስለሆነ እዚህ ላይ ማብራሪያ ያስፈልጋል። በአሜሪካ ሕግ ባለመብቱ ፈቅዶ አሜሪካ ውስጥ አንድ ጊዜ ያሳተመውን ዘፈን ማንም ሰው በሕግ በተወሰነ ተመን ከፍሎ በድምፅ ብቻ እንደገና ማሳተም ይችላል፤ ባለመብቱ አይከለክልም። ተመኑ እ.ኤ.አ. በ2025 ርዝመቱ እስከ 5 ደቂቃ ለሆነ ዘፈን በአንድ ሲዲ ወይም በአንድ ዳውንሎድ 12.7 ሳንቲም ነበር። 500 ሲዲ የሚያሳትም ሰው ለአንድ ዘፈን 63.50 ዶላር ይከፍላል ማለት ነው። እንደ ስፖቲፋይ ባሉ መድረኮች ለሚደመጠው፣ በአሜሪካ ውስጥ ይህን የድርሰት ድርሻ መድረኮቹ ራሳቸው ኤምኤልሲ ለተባለው ተቋም ይከፍላሉ፤ ተቋሙ ሥራውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። ሁለት ወሰኖች ግን ብዙ ሰው ያሰናክላሉ። አንደኛ፣ ይህ ለድምፅ ብቻ ነው። ምስል እንደተጨመረበት የባለቤቱ ፈቃድ ይጠየቃል። ሁለተኛ፣ መሠረታዊ ዜማውን ወይም ጠባዩን መቀየር አይፈቅድም፤ በአሜሪካዊ ዘፈን ላይ የአማርኛ ግጥም መጫንም በዚህ ተመን አይሸፈንም። ኢትዮጵያ ውስጥ የሚያሳትም ሰው በዚህ የአሜሪካ ተመን ሊመካ አይችልም፤ ገጣሚውንና የዜማ ደራሲውን ማስፈቀድ አለበት።

አዲስ ማሠራት

የሚፈልጉት ስሜቱን ከሆነ አዲስ ማሠራት ከማሳደድ ይፈጥናል። ገጣሚ፣ የዜማ ደራሲ፣ አቀናባሪ፣ ድምፃዊና ስቱዲዮ በአንድ ሳምንት ይገኛሉ፤ ሁሉም በሕይወት አሉ፣ ሁሉም ስልክ ያነሳሉ። በተለይ ለማስታወቂያና ለዩቲዩብ ተከታታይ ፕሮግራም መግቢያ ይህን እንመርጣለን።

ውሉ ላይ መብቱ ሙሉ በሙሉ መተላለፉን ወይም ለምን ያህል ጊዜ፣ ለየትኛው አገልግሎት እንደተፈቀደ ይጻፍ። ሥራው ከሌላ ሰው እንዳልተቀዳ ሠሪዎቹ በፊርማቸው ያረጋግጡ። የተጠናቀቀውን ፋይል ብቻ ተቀብለው አይውጡ፤ ድምፅ የሌለበትን ሙዚቃ ብቻና እያንዳንዱን መሣሪያ ለየብቻ የያዙትን ፋይሎችም ይቀበሉ። ማስታወቂያው ከ60 ወደ 30 ሰከንድ ሲያጥር ያለ እነርሱ አይሠራም። «ልክ እንደ እገሌ ዘፈን አድርገህ ሥራልኝ» ብሎ ማዘዝ ግን የዚህን መንገድ ጥቅም ሁሉ ያጠፋል። ፍጥነቱን፣ ቅኝቱን፣ መሣሪያዎቹን ይንገሩት፤ ዘፈን አያስደምጡት።

ከሙዚቃ መጋዘን መውሰድ

ኤፒደሚክ ሳውንድና አርትሊስት የተባሉት የኢንተርኔት ሙዚቃ መጋዘኖች በደንበኝነት ክፍያ፣ የዩቲዩብ ኦዲዮ ላይብረሪ በነፃ ይሰጣሉ። ለአስተማሪ ቪዲዮ፣ ለዕቃ ማሳያ፣ ለድርጅት ዘገባ በቂ ናቸው። የግል ቻናልና የንግድ ሥራ የተለያየ ደረጃ ክፍያ እንዳላቸው ሳያዩ የደንበኛ ማስታወቂያ መሥራት የተለመደ ስሕተት ነው። የአበሻ ቅኝት ያለው ሙዚቃ በእነዚህ ውስጥ ጥቂት ነው፤ «ኢትዮጵያዊ» ተብሎ የተለጠፈውም ሁሉ ጆሮ አይጥልም።

በክሪየቲቭ ኮመንስ (ባለመብቱ አስቀድሞ ለማንም በሚሰጠው የተዘጋጀ ፈቃድ) የተለቀቀ ሙዚቃ ሲያገኙ ምልክቱን ያንብቡ። ኤንሲ (NC) የሚል ካለ ለንግድ አይሆንም። ኤንዲ (ND) የሚል ካለ ደግሞ መለወጥ ክልክል ነው፤ ሙዚቃን ከምስል ጋር ማጣመር በፈቃዱ ደንብ እንደ ለውጥ ስለሚቆጠር ኤንዲ ያለበትን ለቪዲዮ መጠቀም አይቻልም። ብዙዎች የሚስቱት እዚህ ነው።

የሕዝብ ዜማና የድሮ ሸክላ

የሠርግ ዘፈን፣ ሽለላ፣ ፉከራ፣ ሙሾ ከሕዝብ የመጣ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬም ቅኝቶች ናቸው፤ ቅኝት ባለቤት የለውም። የካሴት ሽፋኑም «ዜማ፦ የሕዝብ» ብሎ ይጽፋል። ይህ ማለት ግን የዚያ ካሴት ቀረጻ ነፃ ነው ማለት አይደለም። የተጨመረው አዲስ ግጥም የገጣሚው፣ ቅንብሩ የአቀናባሪው፣ ቀረጻው የፕሮዲዩሰሩ ነው። መንገዱ የሚሠራው ማሲንቆ የሚጫወት ሰው ራስዎ አስቀምጠው፣ ከትውልድ የመጣውን ግጥም ይዘው እንደ አዲስ ሲቀርጹ ነው።

የድሮ ሸክላስ? አምሃ ሪከርድስ የተባለው የአዲስ አበባ ሸክላ አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ1969 ሥራ ከጀመረበት ዘመን የወጡት ሸክላዎች ዕድሜያቸው 50 ዓመት አልፏል። በአዋጅ 410 የድምፅ ቀረጻ ጥበቃ ከታተመበት ዓመት በኋላ 50 ዓመት ነው፤ በ1962 ዓ.ም. ተቀርጾ በዚያው ዓመት የታተመ ሸክላ የቀረጻ ጥበቃው 2012 ዓ.ም. ሲያልቅ ያበቃል። ድርሰቱ ግን አላበቃም። የዜማ ደራሲው በ1990 ዓ.ም. ያረፈ ከሆነ የወራሾቹ መብት ገና አሥርት ዓመታት ይቀረዋል። ስለዚህ በዚህ መንገድ የሚቀንሰው ከሁለቱ ፈቃዶች አንዱ ብቻ ነው። ፊልሙ አሜሪካ የሚታይ ከሆነ ያም ቢሆን አይታሰብ፦ በዚያ ሕግ እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1972 የታተሙ ቀረጻዎች እስከ ፌብሩዋሪ 15 ቀን 2067 ጥበቃ አላቸው።

ምግብ ቤት፣ አዳራሽ፣ ቤተ ክርስቲያን

እዚህ ምስልም ቀረጻም አይሠራም፤ ዘፈን ለሕዝብ ይሰማል እንጂ። ባለመብቶችን አንድ በአንድ መፈለግ ስለማይቻል የጋራ አስተዳደር ማኅበራት ባለመብቶቹን ወክለው ክፍያውን ይሰበስባሉ። በኢትዮጵያ ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 872/2007 ለዚህ አሠራር በር ከፍቷል። በጀርመን ጌማ፣ በእስራኤል አኩም፣ በእንግሊዝ ፒፒኤል ፒአርኤስ አሉ። በአሜሪካ ዋናዎቹ አራት ናቸው፦ አስካፕ፣ ቢኤምአይ፣ ሴሳክና ጂኤምአር፤ የአንዱ ፈቃድ የሌላውን ዘፈኖች አይሸፍንም።

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ የአበሻ ምግብ ቤት እንውሰድ። ስፋቱ ከ3,750 ስኩዌር ፊት በታች ከሆነና የመግቢያ ገንዘብ ካላስከፈለ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ያለ ፈቃድ መክፈት ይችላል። ከባንኮኒው ኋላ ያለው ስልክ በብሉቱዝ የሚያጫውተው ዩቲዩብ ግን ሬዲዮ አይደለም፤ የግል አካውንት የአጠቃቀም ደንብም ለንግድ ቤት አይፈቅድም። ለንግድ ቤት የተዘጋጀ የሙዚቃ አገልግሎት መያዝ ወይም ከአራቱ ጋር መዋዋል ነው። ቅዳሜ ማታ ባንድ ሲያመጡም ተጠያቂው የቤቱ ባለቤት ነው፤ «ባንዱ ይከፍላል» የሚል ውል ማኅበሩን ከእርስዎ አያርቀውም።

በአሜሪካ በአምልኮ ቦታ፣ በአገልግሎት ሰዓት መዝሙር ማቅረብ ፈቃድ አይጠይቅም። ያንኑ በፌስቡክ በቀጥታ ማሰራጨት ግን ከዚህ ነፃነት ውጭ ነው። በጅምላ ፈቃድ የሚሰጡ ድርጅቶች ዝርዝር ውስጥ የምትዘምሯቸው የአማርኛ መዝሙሮች መኖራቸውን ፈልጉ፤ ከሌሉ ዘማሪውን በጽሑፍ ማስፈቀድ ይሻላል።

ዩቲዩብ ላይ ሲጫን

ፈቃድ በእጅ እያለም ቪዲዮ ሊያዝ ይችላል። የዘፈኑ አከፋፋይ ቀረጻውን በኮንቴንት አይዲ (ዩቲዩብ ዘፈኖችን በራሱ በሚለይበት ሥርዓት) ካስገባው፣ ማሽኑ ውልዎን አያውቅም፤ ክሌም (የባለቤትነት ጥያቄ) ይመጣና የማስታወቂያው ገቢ ወደ አከፋፋዩ ይሄዳል። ክሌም ስትራይክ (ለመብት ጥሰት የሚሰጥ የቅጣት ማስጠንቀቂያ) አይደለም። በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ስትራይክ ግን ቻናል ያዘጋል። ክሌሙን ሲቃወሙ ተቃራኒው ወገን መልስ ለመስጠት 30 ቀን አለው፤ ለአዲስ ፊልም ደግሞ ያ የመጀመሪያ ወር ዋነኛው የገቢ ወር ነው።

መድኃኒቱ ውሉ ሲፈረም ነው የሚገባው። የቻናሉን ሙሉ አድራሻ ውሉ ላይ ጽፈው «ባለመብቱ ከዚህ ቻናል ላይ ክሌም እንዳይደረግ አከፋፋዩን በጽሑፍ ያሳውቃል» የሚል አንቀጽ ያስገቡ፤ የመጨረሻውን ክፍያም ይህ ከተፈጸመ በኋላ ያድርጉት። ከዚያ ቪዲዮውን ለሕዝብ ሳይከፍቱ ከሁለት ሳምንት በፊት ይጫኑት። ክሌም ከመጣ ያን ጊዜ ይታያል፤ የተፈረመውን ውል፣ የወራሽነት ማረጋገጫውንና የክፍያ ደረሰኙን አንድ ፒዲኤፍ አድርገው ለአከፋፋዩ ከላኩ ክሌሙ ከመክፈቻው ቀን በፊት የመነሳት ዕድል አለው።